መንገዱ አምሯል፤ ውሃውስ?

ለአዲስ አበባ ሯጭ ከበዓል ማለዳ የተሻለ ሰዓት የለም። ታክሲው ገና አልወጣም፣ ከባድ መኪናው ቆሟል፣ አየሩም ከጭስ ዐርፏል። ከጎህ ጀምሮ እስከ ጧቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ከተማዋ የእግረኛ ናት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለዚህ ማለዳ አዲስ ቦታ ተገኝቷል። ጀርባችንን ሰጥተናቸው የኖርናቸው ወንዞች ዳርቻቸው ተጠርጎ፣ የድንጋይ ግንብ ተሠርቶላቸው፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተነጥፎላቸው፣ መብራትና መቀመጫ ተተክሎላቸው ለሰው ተከፍተዋል። በእንቁጣጣሽ ጧት በቀበና ወይም በባንትይቀጡ ዳር ሶምሶማ መሮጥ ከአሥር ዓመት በፊት ማንም የማያስበው ነገር ነበር። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ነገር ግን የወንዝ ዳር ልማት ዋጋው የሚታወቀው በመጨረሻ በአጠገቡ በሚፈሰው ውሃ ነው። መንገዱ አምሮ ውሃው ከጠቆረ ሥራው ገና በግማሽ ነው። የውሃውን ሁኔታ በየጊዜው በአደባባይ ለመመርመርም የበዓል ማለዳ ሩጫን የመሰለ አጋጣሚ የለንም። ሩጫውና የውሃው ምርመራ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በሕዝብ ፊት ይሁኑ የምለው ለዚህ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከወንዞቹ ጉዞ መጀመር ይበጃል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከእንጦጦ ወደ ታች ያወረዳት ፍልውሃ ነው፤ ከተማዋን የወለዳት ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ከባሕር ወለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር ከሚያልፈው የእንጦጦ ጋራና ከግርጌው የሚነሱት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ቁርጡሜና ሌሎቹ ጅረቶች 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የአቃቂ ሜዳ ይወርዳሉ። በምሥራቅ በትልቁ አቃቂ፣ በምዕራብ በትንሹ አቃቂ ተሰብስበው በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ የስምጥ ሸለቆን ተከትሎ እርሻ እያጠጣ፣ ከብት እያረካ ሄዶ በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ ካለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። የብዙ አገሮች ከተሞች ቆሻሻቸውን ወንዙ ወደ ባሕር ሲወስድላቸው ከዓይናቸው ይሰወራል። አዲስ አበባ ወደ ወንዝ የለቀቀችው ግን ከአገር አይወጣም። ከእኛው እርሻ፣ ከእኛው ከብት፣ ከእኛው ጓሮ ይደርሳል።

ውሃው የሚበላሸው ደግሞ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጥፋተኛ አይደለም። እንጦጦ ግርጌ ላይ ጠጠሩ ጥርት ብሎ የሚታይ ውሃ ሰፈር ለሰፈር ሲወርድ ደረጃ በደረጃ ይጠቁራል። ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ ቤት የመጸዳጃ ቤቱን ቱቦ ወደ ወንዝ ይለቃል፤ ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት ይደፋል፤ መኪና አጣቢው ሳሙናውን ያፈሳል፤ ቆዳ ፋብሪካውና ሌላው ኢንዱስትሪ በክሮሚየምና በኬሚካል የተበከለ ፍሳሹን ያወርዳል፤ ፕላስቲኩን ደግሞ ሁላችንም እንጨምርበታለን። የድምሩን ውጤት ማየት የሚፈልግ አባ ሳሙኤል ሄዶ ማየት ይችላል፤ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ግድብ በከተማዋ ፍሳሽ ጠግቦ እንቦጭ ለብሷል። በአቃቂ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያመርቱ ገበሬዎች የሚያጠጡት ይህንኑ ውሃ ነው። በአትክልቶቹ ላይ ለብዙ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶችም እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተውባቸዋል። አትክልቱ የሚሸጠው እዚያው ከተማ ውስጥ ስለሆነ ወንዙ በገበያ በኩል ዞሮ ወደ ገበታችን ይመለሳል።

የዛሬው የወንዝ ዳር ሥራ የተነሣው ይህንን ሁሉ ለመለወጥ ተስፋ ሰጥቶ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታሰበ፣ 29 ቢሊዮን ብር ይፈጃል የተባለ ዕቅድ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት «ገበታ ለሸገር» የተባለው የእራት ግብዣ የገንዘቡ አንዱ ምንጭ ሆነ፤ በቻይና ድጋፍ የተሠራው የወዳጅነት አደባባይም በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ቀበናንና ከእንጦጦ እስከ ፒኮክ መናፈሻ ያለውን ዳርቻ በሥራው ውስጥ አካተተ። ከተማ አስተዳደሩ ወንዝ የሚበክል ግለሰብንና ድርጅትን በገንዘብ የሚቀጣ ደንብም አውጥቷል። ስለዚህ ውሃው ጨርሶ ተረስቷል ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም ከተሠራው ሁሉ ለሕዝብ የሚነገረውና የሚቆጠረው የመንገዱ ኪሎ ሜትር፣ የተተከለው ችግኝ፣ የተዘረጋው መብራት ነው። ባለፈው ዓመትና በዘንድሮው መካከል ቀበና ምን ያህል እንደጠራ የሚናገር ቁጥር በከተማዋ አደባባይ ተለጥፎ አላየሁም። ለሕዝብ የማይነገር ነገር ደግሞ በሪፖርት ውስጥ ቢኖርም ጠያቂ የለውም፤ ጠያቂ የሌለው ሥራ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ነው።

ሯጩ በዚህ ክርክር ውስጥ የገባው ለጌጥ አይደለም። ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ያስገባል፤ በርትቶ ሲሮጥ ከ100 ሊትር ሊያልፍ ይችላል። በመኪና ድልድዩን የሚሻገር መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል፤ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ጎብኚ ሲሸተው ቦታ ይለውጣል። የሚሮጥ ሰው ግን አፍንጫውን ይዞ መሮጥ አይችልም፤ ለግማሽ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት የወንዙን ትንፋሽ ይተነፍሳል። ሽታውም የራሱ ትርጉም አለው። ውሃ ውስጥ የገባው ቆሻሻ ሲበዛ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ኦክስጅን ሲያልቅ ያለ እሱ የሚኖሩት ይተካሉ፣ እነርሱም እንደተበላሸ ዕንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ያወጣሉ። እንግዲህ ሽታው የአንድ ቀን የጽዳት ጉድለት ሳይሆን ወንዙ አየር እንዳጠረው የሚያሳይ ምልክት ነው። በዳሩ አበባ በመትከልም ሆነ ድንጋዩን በማጠብ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ወደ ውሃው የሚገባው ፍሳሽ ሲቆም ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሰው ይህንን ምክር ሰምቶ ወደ ወንዝ ዳር ሲወጣ የሚተነፍሰው አየር ጤናውን እንዲጠብቅለት መጠየቁ መብቱ ነው።

በዓል ደግሞ ወንዙን የሚፈትነው በሌላም በኩል ነው። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በአረፋ ከተማዋ ውስጥ የሚታረደው በግ፣ ፍየል፣ ዶሮና በሬ አብዛኛው በየግቢውና በየቅርጫው ነው። ድሮ በበዓል ማለዳ ቆዳ ገዢው እየተጣራ በየሰፈሩ ይዞር ነበር፤ የበጉ ቆዳም ለቤቱ ጥቂት ገንዘብ ያስገኝ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የቆዳ ዋጋ ወድቆ ገዢው ሲጠፋ ቆዳው ሸክም ሆነ። በበዓል ማግሥት ድልድይ ሥር ጠጉሩ ያልተነካ የበግ ቆዳ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ፣ ፈርሱና አንጀቱ በፌስታል ታስሮ፣ የዶሮ ላባው በድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የከተማው ቆሻሻ አንሺዎችም እንደማንኛውም ሰው በዓል ያከብራሉ፤ ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ ወንዙ ቅርብ ነው። ይህ የፋብሪካ ጥፋት አይደለም፤ የእያንዳንዱ ቤት ነው። በዚያው ማለዳ በዚያው ዳርቻ የሚሮጥ ሰው ግን ማታ ከቤቱ የወጣው ፌስታል የት እንዳረፈ በዓይኑ ያያል። ሕዝብን ለማስተማር ከስብሰባና ከፖስተር ይልቅ ይህ ይበረታል። ከተማዋም በበኩሏ ለበዓል ዋዜማና ማግሥት በየወረዳው የቆዳና የፈርስ መሰብሰቢያ ቦታ ብታዘጋጅ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል፤ ይህ ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። በእንቁጣጣሽ ወንዙ ያታልላል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጅረቶቹ ሞልተዋል፤ የሦስት ወር ዝናብ ፍሳሹን አቅጥኖታል፣ ሽታውንም ይዞት ሄዷል፣ ዳርቻው አረንጓዴ ለብሷል፣ አደይ አበባው ፈክቷል። በመስከረም 1 ወንዙን አይቶ «ጸድቷል» የሚል ሰው ያየው የዝናቡን ሥራ ነው። እውነቱ የሚወጣው በበጋ ነው፤ ዝናቡ ከቆመ ወራት ሲያልፉ የጅረቱ የራሱ ውሃ ያንስና አብዛኛው የሚፈሰው የከተማዋ ፍሳሽ ይሆናል። ስለዚህ የወንዝ ዳር የበዓል ሩጫ አንዱ በእንቁጣጣሽ ሌላው በዓድዋ ቀን፣ የካቲት 23 ቢሆን ተገቢ ነው እላለሁ። ዓድዋ በበጋው ማብቂያ ላይ የሚውል፣ የሁሉም ሃይማኖትና የሁሉም ብሔር የሆነ በዓል ነው። ሩጫው በንጋት 12 ሰዓት ተጀምሮ የአደባባዩ ሥነ ሥርዓት ሳይደምቅ ማለቅ ይችላል። የእንቁጣጣሹን ቁጥር ከዓድዋው ጎን ስናስቀምጥ ዝናብ የሠራው ምን ያህል፣ ከተማዋ የሠራችው ምን ያህል እንደሆነ ይለያል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ይህንኑ ያጠናክራል። በሴኡል መሃል የሚያልፈው ቾንግጌቾን የተባለ ጅረት በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኮንክሪት ተከድኖ ከላዩ ፈጣን መንገድ ተሠርቶበት ነበር። ከተማው በ2003 እ.ኤ.አ. ከላይ ያለውን መንገድ ማፍረስ ጀምሮ በ2005 ጥቅምት ላይ 5.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን ጅረት ለሕዝብ ከፈተ፤ ዛሬ በነጻ የሚገባበት፣ ሰው ጧት ማታ የሚመላለስበት ዳርቻ ነው። ጎብኚው የማያየው ነገር ግን ከመንገዱ ሥር ነው። ጅረቱ ከመከፈቱ በፊት በሁለቱም ዳር ፍሳሹን ለይተው የሚወስዱ ሰፋፊ የኮንክሪት ቦዮች ተቀብረዋል፤ የሰፈሩ ፍሳሽ ወደ ጅረቱ ሳይገባ በእነርሱ በኩል ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ቾንግጌቾንም እንከን አላጣውም። በተፈጥሮ የሚፈሰው ውሃ ስለማይበቃ በቀን 120 ሺህ ቶን ያህል ውሃ፣ አብዛኛው ከሃን ወንዝ፣ በፓምፕ ይገባለታል፤ በዳርቻው ይነግዱ የነበሩ ብዙ ሰዎችም ተፈናቅለዋል። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ መሬቱ አንድ ጊዜ ሲቆፈር ቱቦውና መንገዱ አብረው ይቀበራሉ። ድንጋዩ ከተነጠፈ በኋላ ለፍሳሽ መስመር እንደገና መቆፈር ድርብ ወጪ ነው።

ተቃራኒውን ያሳየችው የሕንዷ አሕመዳባድ ናት። ማሕተመ ጋንዲ አሽራማቸውን የመሠረቱበት የሳባርማቲ ወንዝ በከተማዋ ውስጥ በሁለቱም ዳር አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በኮንክሪት ተገንብቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ለእግረኛ ተከፈተ። በዳሩ ይኖሩ የነበሩ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነሡ። ወንዙ በራሱ ዓመቱን ሙሉ ስለማይፈስ ከናርማዳ ቦይ ውሃ ገብቶለት ለዓይን የሚያምር ሆነ፤ በሕንድ ውስጥም እንደ አርአያ ተቆጠረ። ከመናፈሻው ወረድ ብሎ ግን የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ እየተቀላቀለበት ስለቀጠለ በ2021 የጉጅራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በራሱ ተነሣሽነት ሊመረምር ተገደደ። ከተማው ያማረው ክፍል ላይ ሲዝናና ጉዳቱን የተቀበለው በታች ያለው ገበሬ ነው። ፒኮክ አምሮ አቃቂ ከጠቆረ እኛም የምንደግመው ይህንኑ ታሪክ ነው።

ሦስተኛዋ ምሳሌ ፓሪስ ናት፤ እሷን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በደንብ ያስታውሳታል። በ2024ቱ (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ያመጣበት የማራቶን መንገድ ረጅም ርቀት በሴን ወንዝ ዳር የሚሄድ ነበር። በመንገዱ ላይ መሮጥ ችግር አልነበረበትም። በዚያው ኦሊምፒክ ግን በወንዙ ውስጥ ዋና ያለበት የወንዶች ትራያትሎን ዝናብ ፍሳሹን ወደ ሴን ስላስገባ በአንድ ቀን ተራዝሟል። ይህ የሆነው ከተማዋና መንግሥት ለጽዳቱ 1.4 ቢሊዮን ዩሮ ያህል አውጥተው፣ በዝናብ ጊዜ የሚትረፈረፈውን ፍሳሽ የሚያጠራቅም 50 ሺህ ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ ከመሬት በታች ቆፍረው ነው። ፓሪስ ውጤቱን አልደበቀችም። በ2025 ክረምት፣ ከ1923 ጀምሮ ተከልክሎ የነበረው ዋና ለሕዝብ ሲፈቀድ ውሃው እየተለካ፣ ዝናብ ሲጥል ቦታዎቹ እየተዘጉ፣ ሕዝቡም ለምን እንደተዘጉ እየተነገረው ነው። መቶ ዓመት የተበከለውን ወንዝ ሕዝብ እንደገና ያመነው ቁጥሩን በየቀኑ ስላየ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉምና መልስ ይሻሉ። የመጀመሪያው «ዳርቻው መጀመሪያ ይመር፣ ሰው ወንዙን ሲወደው ጽዳቱ ይከተላል» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ጀርባ የተሰጠው ወንዝ ተቆርቋሪ አልነበረውም፤ ዛሬ በዳሩ የሚሮጥ፣ ልጁን የሚያዝናና፣ ሠርግ ፎቶ የሚነሣ ሁሉ የወንዙ ባለቤት መሆን ጀምሯል። ነገር ግን ፍቅር ብቻውን ቱቦ አይቀብርም። ባለቤትነቱ ኃይል የሚሆነው ሰዉ ምን መጠየቅ እንዳለበት ሲያውቅ ነው። ቁጥሩ ካልተነገረው ውብ መንገድ የባሰ ሊያዘናጋን ይችላል፤ ችግሩ ከዓይን ሲሰወር የተፈታ ይመስላልና። የአሕመዳባድ ታሪክ የሚያሳየው ይህን ነው።

ሁለተኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው። የፍሳሽ መስመር ውድ ነው፤ ድሃ አገር ሁሉንም በአንዴ አትችልም። ትክክል ነው። ሆኖም መዘግየቱም ነጻ አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው በተበከለ ውሃ ጎመን የሚያጠጣው ገበሬ፣ ጎመኑን የሚበላው ከተሜ፣ በውሃ ወለድ በሽታ የሚታመመው ሕፃን ነው። ደግሞም ከዜሮ አንጀምርም። በቃሊቲ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ማጣራት የሚችል ጣቢያ ተገንብቷል። ጣቢያው ጥቅም የሚሰጠው ግን ከየቤቱ እስከ እሱ የሚያደርስ መስመር ሲኖር ነው፤ የወንዝ ዳርቻው ደግሞ ውሃ በተፈጥሮው ቁልቁል የሚወርድበት ስለሆነ ለዋናው መስመር የተሻለው ቦታ እሱ ነው። ዛሬ እየተቆፈረና እየተነጠፈ ያለው ይኸው መሬት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ተጨማሪ ቢሊዮኖች ከየት ይመጣሉ ከማለቱ በፊት አሁን የሚወጣው ቢሊዮን በምን ቅደም ተከተል ይውላል የሚለው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባህል ወገን ይመጣል፤ «በዓል የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ፣ የቤተሰብ ነው፤ ሩጫ ከየት መጣ?» ይላል። የእኛ በዓላት ግን ጥንትም ከቤት የሚያወጡ ናቸው። በጥምቀት ታቦቱ ወደ ውሃ ይወርዳል፤ ሕዝቡም በእግሩ አጅቦ ያድራል። ኢሬቻ በውሃ ዳር፣ በእርጥብ ሣር የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም በአዲስ አበባ በሆራ ፊንፊኔ ይከበራል። ኢድ ሕዝበ ሙስሊሙን በአደባባይ ያሰግዳል። ውሃን ማክበር ከእምነታችንም ከባህላችንም ውስጥ አለ፤ የጎደለው በበዓል ቀን ያከበርነውን ውሃ በሥራ ቀን መጠበቅ ነው። ሩጫውም ባዕድ አይደለም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ተጀምሮ ዛሬ 50 ሺህና ከዚያ በላይ ሰው ያሳትፋል፤ «መንገድ ለሰው» ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አስፋልቱን ለእግረኛ ከፍቷል። ካናቴራ ለብሶ ስለ አንድ ጉዳይ መሮጥን የአዲስ አበባ ሰው ተምሯል።

አራተኛውና እኔ ከሁሉም የከበደ የምለው ጥያቄ የፍትሕ ነው። የወንዙን ሽታና ጎርፍ ለአሥርት ዓመታት ችለው የኖሩ ድሆች ዳርቻው ሲያምር ከቦታው ተነሥተዋል፤ ታዲያ ሩጫው ለማን ነው? ይህንን ጥያቄ በሩጫ ብቻ መመለስ አይቻልም፤ ለተነሡት ሰዎች ተገቢው ካሳና ከሥራቸው የማይርቅ መኖሪያ ይገባቸዋል። ሩጫው ግን ቢያንስ አንድ መርህ ያስከብራል። ዳርቻው ነጻ መሆን አለበት። በበዓል ማለዳ በወንዝ ዳር ለመሮጥ ትኬት፣ መታወቂያ ወይም ውድ ጫማ ሊጠየቅ አይገባም። የሩጫው መንገድም ባማሩት ክፍሎች ብቻ የሚዞር መሆን የለበትም፤ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ በየዓመቱ እየረዘመ ወደ አቃቂ መውረድ አለበት። ዳርቻው ያልለማለት የአቃቂ ነዋሪ ሯጮቹ ወደ ሰፈሩ ሲመጡ ካየ፣ ሯጮቹም የእሱን ውሃ ካዩ፣ ልማቱ እስከ ታች እንዲደርስ የሚጠይቀው ድምፅ ከመሃል ከተማም ይነሣል።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ለመፈጸም የሚያስቸግር አይደለም። ከተማ አስተዳደሩ በየዓመቱ በእንቁጣጣሽና በዓድዋ ማለዳ ክፍያ የሌለው የወንዝ ዳር ሩጫ ያዘጋጅ። በመነሻው ላይ ሁሉም የሚያነበው ትልቅ ሰሌዳ ይቁም፤ ከአራት ቦታዎች፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከመሃል ከተማ፣ ከፒኮክና ከአቃቂ፣ የተወሰደ የውሃ ናሙና ውጤት ይጻፍበት። ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፤ በውሃው የሟሟው ኦክስጅን፣ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ባክቴሪያ እና ክሮሚየም። ከጎናቸው ተገቢው መጠን ስንት እንደሆነና ያለፈው ዓመት ስንት እንደነበረ ይቀመጥ። ናሙናውን የሚወስደውና የሚመረምረው የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ይሁን፤ ያለማውና የለካው አንድ አካል ከሆነ ማንም አያምነውም። ናሙናው ሌሊትና በሥራ ቀንም ይወሰድ፤ ፍሳሹን በጨለማ የሚለቅ ድርጅት በበዓል ቀን ናሙና አይገኝምና። ይህ ከተማዋን ያሳፍራታል የሚል ቢኖር ፓሪስን ያየ ሰው መልሱን ያውቃል፤ ወንዙ ቆሽሾ መገኘቱ የቆየ ዕዳ ነው፣ የሚያሳፍረው ዕዳውን አውቆ አለመክፈል ነው። ቁጥሩ ዓመት በዓመት ከተሻሻለ ከተማዋ ምስጋናዋን በማስረጃ ታገኛለች፤ ካልተሻሻለ ደግሞ በመነሻው የቆመው ሕዝብ ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ ደንቡ በማን ላይ እንደተፈጸመ፣ ቱቦው የት እንደደረሰ መልስ የሚሰጥ ኃላፊም እዚያው ፊቱ ይቆማል። በሁለቱም መንገድ ተጠቃሚው ወንዙ ነው፤ ወንዙ ከተጠቀመ ደግሞ ከእንጦጦ እስከ አፋር ያለው ሕዝብ ሁሉ ይጠቀማል።